በአንድ የፖስታ ሣጥን ላይ ሦስት ስም፦ ከአዲስ አበባ ወደ በርሊን የተዛወረ ቤተሰብ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በ2022 እና በ2023 ከአዲስ አበባ ወደ በርሊን የተዛወረ አንድ ባለ አምስት ቤተሰብ ከሁለት አገር መሥሪያ ቤቶች ጋር ያሳለፈውን ይመዘግባል። እኔ የበርሊን ነዋሪ ነኝ፤ አዲስ ለሚገቡ ሰዎች እያስተረጎምኩ ቢሮ አብሬ እሄዳለሁ። ቤተሰቡ ሰነዶቻቸውን አሳይተውኛል፣ ስማቸው እስካልተጠቀሰ ድረስ እንድጽፈውም ፈቅደዋል። ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን የመረጥኩት የተለየ መከራ ስለደረሰባቸው አይደለም። እንዲያውም ከብዙዎች የተሻለ ሁኔታ ላይ ነበሩ፦ የሥራ ውል፣ ደህና ደመወዝ፣ የተማሩ ወላጆች። ሕጉም ከእነሱ ጋር ነበር። እንዲያም ሆኖ እናት ከባሏና ከልጆቿ አሥራ አንድ ወር ተለይታ ቆየች። ለምን? ፋይላቸውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳገላብጠው፣ አብዛኛው ጊዜ የባከነው በሕጉ ጥብቅነት እንዳልሆነ አየሁ። የባከነው የገዛ ወረቀቶቻቸው እርስ በርስ ባለመስማማታቸው ነው።

ዳራ

እናትየው አዲስ አበባ ውስጥ ለዓመታት የሠራች የሶፍትዌር ባለሙያ ናት፤ አባትየው የሒሳብ ባለሙያ ነው። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ በ2015፣ በ2018 እና በ2021 የተወለዱ። በ2022 አንድ የበርሊን ኩባንያ እናትየውን ቀጠራት፤ መግቢያዋም ብሉ ካርድ ሆነ።

ብሉ ካርድ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት አባል አገር ለተማሩ ባለሙያዎች የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ለቤተሰብ የሚያስገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም። የብሉ ካርድ ያዥ ባል ወይም ሚስት ከመምጣቱ በፊት የኤ-1 ደረጃ የጀርመንኛ ፈተና እንዲያልፍ አይገደድም። ከገባ በኋላም ሌላ ፈቃድ ሳይጠብቅ ሥራ መያዝ ይችላል። በወረቀት ላይ ሲታይ መንገዱ የተጠረገ ነበር።

ታዲያ ለምን አንድ ላይ አልሄዱም? አብሮ ማመልከትን የሚከለክል ነገር የለም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በነበረው አሠራር ቤተሰብ የሚያመጣ ሰው በቂ መኖሪያ እንዳለው ማሳየት ነበረበት። በተለምዶ የሚሠራበት ልኬት ከ6 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው 12 ካሬ ሜትር፣ ከዚያ በታች ላለ ልጅ 10 ካሬ ሜትር ነው፤ ለእነሱ ሲሰላ 56 ካሬ ሜትር ይመጣል። የበርሊን አከራይ ደግሞ የሦስት ወር የደመወዝ ወረቀትና ሹፋ የሚባለውን የብድር ታሪክ ማስረጃ ሳያይ በር አይከፍትም። አገሩ ገብቶ ያልሠራ ሰው ሁለቱም የሉትም። ስለዚህ እናትየው በሴፕቴምበር 2022 ብቻዋን ገባች። (ከማርች 2024 ወዲህ የባለሙያዎች የትዳር ጓደኛና ልጆች ሲመጡ የቤት ስፋት ማስረጃ መጠየቁ ቀርቷል። ዛሬ የሚዘጋጅ ሰው ይህን ክፍል እንደ ታሪክ ያንብበው።)

መጀመሪያ ያገኘችው ዕቃ የተሟላለት አንድ ክፍል ነበር፤ አከራዩ ግን አንሜልዱንግ አልፈቅድም አለ። አንሜልዱንግ ማለት አድራሻን በከተማው መዝገብ ማስመዝገብ ነው፤ ሕጉ ቤት በገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይላል፤ አከራዩ የፈረመበት ማረጋገጫም ያስፈልጋል። ጀርመን ውስጥ ሌላው ሁሉ የሚከፈተው በዚህ ወረቀት ነው፤ የግብር ቁጥሩም፣ ብዙ ጊዜ የባንክ ሒሳቡም። ክፍሉን ለቃ ሌላ ፈለገች። ትክክለኛውን ቤት ያገኘችው በፌብሩዋሪ 2023 ነው፤ 68 ካሬ ሜትር፣ ከመሀል ከተማ ራቅ ያለ። አባትየውና ልጆቹ በማርች የቤተሰብ ቪዛ አመለከቱ፤ ክፍያው ለአዋቂ 75 ዩሮ፣ ለልጅ 37.50 ዩሮ ነው።

ትልቁ ችግር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ችግሩ፦ ስም

እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። ፓስፖርት ግን የቤተሰብ ስም ለሚባለው ነገር ቦታ አለው፤ እዚያ ላይ የሚገባው የአያት ስም ነው። ውጤቱን በዚህ ቤት እንየው። የአባትየው የቤተሰብ ስም የእሱ አያት ስም ሆነ። የልጆቹ ደግሞ የአባታቸው አባት ስም። የእናትየው የራሷ አያት ስም። አምስት ሰው፣ ሦስት የቤተሰብ ስም። በዚህ አጻጻፍ ልጆቹ ከእናታቸውም ከአባታቸውም ጋር በስም አይገናኙም።

ይህ ብቻ ቢሆን አንድ ገጽ ማብራሪያ ይበቃው ነበር። የከፋው የላቲን ፊደሉ ነው። የእናትየው የአባት ስም በፓስፖርቷ ላይ በ“አይ” ተጽፏል። በጋብቻ ምስክር ወረቀቷ ላይ በዚያው ቦታ “ዋይ” አለ። በዲግሪዋ ላይ ደግሞ አንድ “ኤል” ሁለት ሆኗል። በአማርኛ አንድ ስም ነው፤ ማንም ኢትዮጵያዊ ሦስቱን አይቶ አይጠራጠርም። እኛ ፊደል ቆጥረን ሰው አንለይም፤ የጀርመን መዝገብ ግን የሚለየው በፊደል ነው። የቪዛ ክፍሉ መልስ አጭር ነበር፦ በጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለችው ሴት በፓስፖርቱ ላይ ካለችው ጋር አንድ ስለመሆኗ ማስረጃ ይቅረብ።

ችግሩ፦ ቀን

የመጀመሪያዋ ልጅ የተወለደችው መስከረም 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ይህ ቀን በፈረንጅ ስንት ነው? አብዛኛው ሰው መስከረም 1ን ሴፕቴምበር 11 አድርጎ ይቆጥርና ሴፕቴምበር 15፣ 2015 ይላል። ስህተት ነው። 2007 ጳጉሜ ስድስት የሆነችበት ዓመት ስለነበር የ2008 እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ስለዚህ ልደቷ ሴፕቴምበር 16 ነው። እንዲህ ያለ ዓመት በየአራት ዓመቱ ይመጣል፤ የአንድ ቀን ፈቀቅታውም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። በእንዲህ ያለ ዓመት በእነዚህ ወራት የተወለደ ልጅ ያለው ቤተሰብ የልደት ወረቀቱንና ፓስፖርቱን አስተያይቶ ቢያይ ደግ ነው።

የልጅቷ ፓስፖርት ሴፕቴምበር 16 ይላል። አሮጌው የልደት ወረቀት ሴፕቴምበር 15 ይላል። ይህ ወረቀት የወጣው አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ምዝገባው በአዋጅ 760/2004 መሠረት ሥራ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ እሷ ከዚያ አሥራ አንድ ወር ያህል ቀድማ ተወልዳለች። ቀኑ በማን እጅ እንደተሰላ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

የክትባት ካርዱ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱን በርሊን ስንደርስ አነሣዋለሁ።

የተወሰዱ እርምጃዎች፦ አዲስ አበባ

አባትየው መጀመሪያ የሞከረው ቀላሉን መንገድ ነበር። ሁለቱ አጻጻፎች የአንድ ሰው ስም መሆናቸውን በቃለ መሐላ አረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት አስመዘገበ። የቪዛ ክፍሉ ተቀበለው፣ ፋይሉ ውስጥ አስገባው፣ ግን አልበቃውም። ቃለ መሐላ የሚናገረው ባል ራሱ የሚፈልገውን ነገር ነው፤ ተጠራጣሪ ሠራተኛን ለማሳመን አቅሙ ትንሽ ነው። በዚህ ነገር ቢሮውን ብዙ አልወቅስም።

ሁለተኛው ሙከራ የባሰ ነበር። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ “እኔ ጋ ሰው አለ፣ በሳምንት ውስጥ ያልቃል” ብሎ ገንዘብ ተቀበለ። ሳምንቱ አለፈ፣ ወሩም አለፈ። የተገኘ ወረቀት የለም።

የሠራው ረጅሙ መንገድ ነው፤ ምስክር ወረቀቱን በወጣበት ወረዳ ማሳረም። ወረዳው “ሁለታችሁም ቅረቡ” አለ። እናትየው በርሊን ናት። ስለዚህ ውክልና ያስፈልጋል። ውክልናው የሚሠራው በርሊን ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ነው። ዋናው ወረቀት በመንገደኛ እጅ አዲስ አበባ ገባ። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኤምባሲውን ማኅተምና ፊርማ አረጋገጠ። ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ መዘገበው። ከዚያ ወረዳው ተቀበለው። ወረዳው ምስክር ወረቀቱን በፓስፖርቱ አጻጻፍ አስተካክሎ እንደገና አወጣ፤ አዲሱ ወረቀት ደግሞ ለውጭ አገር እንዲያገለግል ራሱም ዳግም መረጋገጥ ነበረበት። ኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የአፖስቲል ስምምነት (የውጭ አገር ሰነድ በአንድ ማኅተም እንዲታወቅ የሚያደርገው) አባል ስላልነበረች፣ በአንድ ማኅተም የሚያልቅ ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። ውክልናውን ለአንድ ጉዳይ ብቻ አልጻፉትም። የጋብቻ ወረቀቱን ማሳረም፣ የሦስቱን ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ማውጣትና ማሳረም፣ ፓስፖርት ማሳደስ፣ ልጆቹም ከአባታቸው ጋር ከአገር እንዲወጡ መፍቀድ፤ ሁሉም በዝርዝር በአንድ ውክልና ተካተተ። አባትየው ወረዳ በነበረበት ጊዜ የታላቋን ልጅ የልደት ወረቀት በአዲሱ ሥርዓት አስለወጠ፤ ቀኑም ከፓስፖርቱ ጋር ገጠመ። “በጠቅላላው እንዲሠራልኝ” የሚል ውክልና ይዘው የሚሄዱ ሰዎች መስኮት ላይ ሲመለሱ አይቻለሁ፤ ድርጊቱ በስሙ ካልተጠራ “ይሄ እዚህ ላይ የለም” ይባላሉ።

አባትየው ሌላም ነገር አዘጋጀ፤ በእኔ ግምት ከፋይሉ ሁሉ የተሻለው ወረቀት ነው። አንድ ገጽ በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ። ከላይ በአራት መስመር ኢትዮጵያውያን እንዴት እንደሚሰየሙ ይገልጻል፤ ልጅ የአባቱን የራስ ስም እንደ ሁለተኛ ስም ይይዛል፣ ሚስት ስትጋባ ስሟን አትቀይርም። ከሥር ሠንጠረዥ አለ፤ አምስቱ ሰዎች፣ እያንዳንዱ ሰነድ ላይ ስማቸው እንዴት እንደተጻፈ፣ የትውልድ ቀናቸው በሁለቱም አቆጣጠር። ማኅተም የለውም፣ ሕጋዊ ኃይልም የለውም። ሆኖም ፋይሉን የያዘው ሠራተኛ ግራ ከተጋባበት ነገር ፊት መልሱን ያገኛል፤ ጥያቄ ጽፎ ወር ከሚጠብቅ በዚያው ይቀጥላል። የታረሙት ሰነዶች ከዚህ ገጽ ጋር ከገቡ በኋላ ተጨማሪ ጥያቄ አልመጣም። ቪዛው በጁላይ መጨረሻ ወጣ። አባትና ልጆች በኦገስት 2023 በርሊን ገቡ።

የተወሰዱ እርምጃዎች፦ በርሊን

ብዙ ሰው ቪዛው ሲመታ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ለቤተሰብ ግን ያን ጊዜ ግማሹ ይቀራል፤ አሁን ሁሉም ነገር በአምስት ይባዛል።

የመጀመሪያው አንሜልዱንግ ነው። በርሊን ውስጥ የየትኛውም ክፍለ ከተማ ቡርገርአምት (የነዋሪዎች ጽሕፈት ቤት) ይመዘግባል፤ ችግሩ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ማግኘቱ ነው። ጠዋት ጠዋት የሚሰረዙ ቀጠሮዎች ስለሚለቀቁ እናትየው ከሥራ በፊት ስልኳ ላይ እየጠበቀች አንዱን ያዘች። ለሰነዶቹ ትርጉም ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ይፈለጋል። እዚህ ላይ ያልጠበቁት ነገር መጣ፤ ተርጓሚው ስሙን ከአማርኛው ዓምድ ላይ አንስቶ በራሱ የፊደል ቅየራ ሥርዓት ጻፈው፣ የእናትየውም ስም አራተኛ መልክ አገኘ። ተርጓሚው አላጠፋም፤ ሥርዓቱን ነው የተከተለው። የፓስፖርቶቹ ቅጂ ተሰጥቶት በዚያ አጻጻፍ እንዲያወጣው ሲጠየቅ አስተካከለው። ለተርጓሚ ሰነድ ሲሰጥ ፓስፖርት አብሮ መስጠት ግዴታ ተደርጎ ቢያዝ ይሻላል።

የጋብቻው ትርጉም ስለዘገየ ቡርገርአምቱ እናትየውን ያላገባች አድርጎ ያዛት። በዚህ የተነሣ ደመወዟ በመጀመሪያው የግብር ክፍል፣ እንደ ነጠላ ሰው፣ ይቆረጥ ነበር። የተስተካከለው ትርጉም ሲገባ ወደ ሦስተኛው ክፍል ተዛወረች። ያለፈው ገንዘብ አልጠፋም፤ በዓመቱ መጨረሻ ባልና ሚስት በጋራ የግብር ማስታወቂያ ሲያስገቡ ይስተካከላል፤ በዓመቱ ውስጥ ሁለቱም አገሩ ውስጥ እስከኖሩ ድረስ ስሌቱ ዓመቱን በሙሉ ይሸፍናል።

ቀጥሎ የፖስታ ሣጥኑ። ይህ ነገር ለሚያውቀው ተራ ነው፤ ለማያውቀው ወራት ይበላል። አንሜልዱንግ እንዳለቀ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሁለት ዓመት ሕፃን እንኳ፣ ባለ 11 አኃዝ የግብር መለያ ቁጥር ይወጣና በፖስታ ይላካል። ጀርመን ውስጥ ፖስተኛ የሚያየው የሣጥኑን ስም ነው፤ የቤት ቁጥርና ፎቅ ተጽፎ ስሙ ከሌለ ደብዳቤው ይመለሳል። ሣጥኑ ላይ የነበረው የእናትየው የቤተሰብ ስም ብቻ ነበር። የባልና የልጆቹ ደብዳቤዎች “ተቀባዩ አልታወቀም” ተብለው ተመለሱ። ቤተሰቡ ደብዳቤ እንደተላከ አያውቅም፤ ላኪው ቢሮም እነሱ እዚያ እንደሚኖሩ እርግጠኛ አይደለም።

የታወቀው የልጆች ገንዘብ ሲጠየቅ ነው። ኪንደርጌልድ በዚያን ጊዜ ለአንድ ልጅ በወር 250 ዩሮ ነበር፤ ለሦስት ልጅ 750። ለአዲስ ቤተሰብ ትልቅ ገንዘብ ነው። ቅጹ የልጆቹን የግብር ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ደግሞ በተመለሰው ደብዳቤ ውስጥ ነው። እናትየው ቁጥሩ እስኪመጣ ልትጠብቅ አሰበች። ያልጠበቀችው አንድ የሥራ ባልደረባዋ ስለመከራት ነው፦ ቅጹን ዛሬ አስገቢ፣ የጎደለውን በኋላ ላኪ። ምክንያቱም ኪንደርጌልድ ወደ ኋላ የሚከፈለው ማመልከቻው ከገባበት ወር በፊት ላሉ ስድስት ወራት ብቻ ነው፤ የሚቆጠረውም ማመልከቻው የደረሰበት ቀን እንጂ የተሟላበት ቀን አይደለም። በዚያው ሰሞን ሦስቱም ስሞች በትልቁ ታትመው ሣጥኑና የበሩ ደወል ላይ ተለጠፉ። ለግብር ቁጥሩ ዳግም ተጠየቀ፤ ደብዳቤዎቹ ደረሱ። ገንዘቡ ዘግይቶ መጣ፤ ነገር ግን ከገቡበት ወር ጀምሮ ተሰልቶ ነው የመጣው።

የጤና መድኅኑ ቀላል ነበር። እናትየው በሕዝባዊው መድኅን ውስጥ ስለነበረች፣ ገቢ የሌለው ባልና ልጆቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በእሷ ሥር ገቡ።

አሁን ወደ ክትባት ካርዱ። ከማርች 1 ቀን 2020 ጀምሮ ጀርመን ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት ወይም ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ የኩፍኝ ክትባት ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ ከሁለት ዓመት ጀምሮ ላለ ልጅ ሁለት ክትባት። የታላቋ ልጅ ካርድ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ ነው። የዘጠኝ ወሯ ክትባት ትይዩ 9/10/2008 ይላል፤ ሰኔ 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ማለት ነው። ጀርመናዊ ሲያነበው ኦክቶበር 9፣ 2008 ነው፤ ልጅቷ ከመወለዷ ሰባት ዓመት በፊት። የተወለደችበት ቀን ተብሎ የተጻፈው 5/1/2008 ደግሞ ጃንዋሪ 5፣ 2008 ይሆናል፤ ስምንት ዓመት ሊሞላት የደረሰችውን ልጅ የአሥራ አምስት ዓመት ኮረዳ ያደርጋታል። አንዷ ሠራተኛ ካርዱ የሌላ ልጅ ነው ብላ መለሰችው።

አባትየው እያንዳንዱን ክትባት በሁለት አቆጣጠር የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሠራ፤ ቃለ መሐላ ተርጓሚው አረጋገጠለት። ያን ጊዜ አንድ እውነተኛ ጉድለት ታየ፤ ታላቋ የወሰደችው የኩፍኝ ክትባት አንድ ብቻ ነው። የካርድ ስህተት አይደለም። ሁለተኛው ዙር፣ በአሥራ አምስት ወር የሚሰጠው፣ በኢትዮጵያ መደበኛ መርሐ ግብር ውስጥ የገባው በ2019 ነው፤ እሷ ዕድሜው ካለፋት በኋላ። ሁለቱ ታናናሾች ሁለቱንም ወስደዋል። የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ሄዳ ሁለተኛውን ተከተበች። ትምህርት ግዴታ ስለሆነ በዚህ ምክንያት ከትምህርት ቤት አትከለከልም ነበር፤ መዋዕለ ሕፃናት ግን ይከለክላል። እሷ አዲስ ገብተው ቋንቋ ለሚማሩ ልጆች በተዘጋጀ ክፍል ገባች።

ለታናናሾቹ ክፍለ ከተማው የኪታ (የመዋዕለ ሕፃናት) ቫውቸር ሰጠ። በርሊን ውስጥ ኪታ ከኦገስት 2018 ጀምሮ ነፃ ነው፤ ለምግብ በወር 23 ዩሮ ይከፈላል። ቫውቸር ግን ቦታ አይደለም፤ ቦታውን ወላጅ ራሱ እየዞረ ይፈልጋል። አባትየው በእግሩ እየዞረ ነው ያገኘው፤ በኢሜይል የጻፈላቸው አብዛኞቹ አልመለሱለትም።

የመኖሪያ ካርዱ ቴርሚን ከቪዛው ማብቂያ በፊት አልተገኘም። ይህ በርሊን ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። ያስጨነቃቸው “ሕገ ወጥ እንሆን ይሆን?” የሚለው ነው። ማመልከቻው ቪዛው ሳያልቅ እስከገባ ድረስ መብቱ እስኪወሰን ይቀጥላል፤ ይህንንም የሚያረጋግጥ ጊዜያዊ ወረቀት አለ። ማመልከቻው የገባበትን ቀን የሚያሳየውን ማረጋገጫ አትመው ያዙ፤ ካርዱ በ2024 መጀመሪያ ደረሰ።

የቀሩትን በአጭሩ፦ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ ደብዳቤ ለሁለቱም ወላጆች መጣ፤ ክፍያው በአንድ ቤት አንድ ስለሆነ (በወር 18.36 ዩሮ) የባልየው በሚስት ቁጥር ተዘጋ። የአባትየው መንጃ ፈቃድ ከስድስት ወር በኋላ አያገለግልም፤ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ጀምሯል።

የሠራውና ያልሠራው

ያልሠሩትን አንድ ላይ ሳያቸው ይመሳሰላሉ። ቃለ መሐላው፣ ጉዳይ አስፈጻሚው፣ በየቀኑ ስልክ መደወሉ፤ ሦስቱም የሰነዱን ጉድለት ሳይነኩ በሰው በኩል ለማለፍ የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ማወቅ አንዳንዴ ይሠራል፤ ማንም ይህን አይክድም። ፋይሉ ወደ ውጭ አገር መዝገብ ሲሻገር ግን ያ ሰው አብሮ አይሻገርም።

በርሊን ላይ ስልክ የማይሠራበት ሌላ ምክንያት አለ። በስልክ የተነገረ ነገር ፋይል ውስጥ አይገባም። እናትየው ከመጀመሪያው ወር በኋላ መደወል ትታ አጭር ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች፤ ከላይ የፋይል ቁጥር፣ ከሥር አንድ ጥያቄ ብቻ። ሁለት ጥያቄ ያለበት ደብዳቤ የሚመለስለት ለአንዱ ብቻ መሆኑን ያስተዋለችው እሷ ናት፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ለሌሎች ሰዎች ስጽፍ ይህንኑ እከተላለሁ።

ግማሽ በግማሽ የሠራው ሁሉንም ሰነድ ባንዴ መስጠት ነው። ወረቀት ሲበዛ ሠራተኛው የማይመለከተውን ሁሉ ያነባል፤ ሲያነብም ያልተጠየቀ ልዩነት ያገኛል። ዲግሪዋ ከባልና ከልጆች ቪዛ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ፋይሉ ውስጥ ስለነበረ ግን ባለሁለት “ኤል” አጻጻፉ ጥያቄ ሆኖ መጣ።

ለሌላ ቤተሰብ የሚተርፍ

ከዚህ ፋይል አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል፣ እርማቱ ሁለቱም ወላጆች አንድ ከተማ ባሉበት ጊዜ ይደረግ እላለሁ። የወረዳው ሥራ ራሱ ከባድ አልነበረም። ያረዘመው ከበርሊን ኤምባሲ እስከ ወረዳ መስኮት ያለው የማረጋገጫ ሰንሰለት ነው። እናትየው ከመብረሯ በፊት ሁለቱ አብረው ወረዳ ሄደው ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ዝርዝር ውክልና ሰጥታ ቢሆን ኖሮ፣ ልጆቹ የአውሮፓን የበጋ ወራት ከእናታቸው ጋር ያሳልፉ ነበር ብዬ አምናለሁ። ቪዛ ከማሰብ በፊት ፓስፖርቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የጋብቻ፣ የልደትና የክትባት ወረቀቶችን ፊደል በፊደል ማስተያየት የአንድ ምሽት ሥራ ነው። መለኪያው ፓስፖርቱ ይሁን፤ ከእሱ የሚለየው ይታረም።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ሰው የሚያምታታው ነው። አንዳንድ ማመልከቻ ጎደሎውን ቢገባ ይጠቅማል፣ አንዳንዱ ጎደሎውን ቢገባ ይጎዳል። ኪንደርጌልድና የመኖሪያ ካርድ ከመጀመሪያው ወገን ናቸው፤ ቀኑ ይቆጠራል፣ የጎደለው ይከተላል። ቪዛ ከሁለተኛው ነው፤ ጎደሎ ፋይል ከሰልፉ መጨረሻ ያስጀምራል። ቅጽ ከመሙላት በፊት “ይህ ቢሮ የሚያየው ቀኑን ነው ወይስ ሙላቱን?” ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የስም ማብራሪያው ገጽ ለጀርመን ብቻ አይደለም። ስዊድን፣ ካናዳ፣ አሜሪካ ለሄዱ ሰዎችም ይሠራል፤ የስም አወጣጣችን የትም አይታወቅምና። ከእኔ የተቀበሉ ቤተሰቦች የልጆቻቸው ትምህርት ቤት ለሚልከው ቅጽ ሁሉ አብረው ያያይዙታል።

አንድ ጉዳይ ገና ክፍት ነው። ጀርመን ከጁን 2024 ጀምሮ የዜግነት መጠበቂያውን ከስምንት ወደ አምስት ዓመት አውርዳለች፤ የቀድሞ ዜግነትን መተውም አትጠይቅም። ኢትዮጵያ ግን ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። ዜግነት የወሰደ ሰው ስሙን በጀርመን ሥርዓት ማስተካከል፣ ለቤተሰቡም አንድ የጋራ ስም መምረጥ ይችላል። አባትየው ለልጆቹ ሲል የጋራ ስም ይኑረን ይላል። እናትየው በአባቷና በአያቷ ስም መጠራቷን ልትተው አትፈልግም። ለእሷ አምስቱ ዓመት የሚሞላው በ2027 ነው፤ እስከዚያ ሣጥኑ ላይ ሦስቱም ስሞች ይቆያሉ፣ የስም ማብራሪያውም ገጽ በአዲሱ የፓስፖርት ቁጥር ታድሶ ይቀመጣል።